ዋንጫ ያነሳ ቡድን በ3 ዓመት ውስጥ እንዴት መጨረሻ ይወጣል? የዋሽንግተን ናሽናልስ ነገር

ኦክቶበር 30 ቀን 2019 ማታ የዋሽንግተኑ የቤዝቦል ቡድን ናሽናልስ ሂውስተን ከተማ ላይ ወርልድ ሲሪስ የሚባለውን የሊጉን የፍጻሜ ውድድር አሸንፎ ዋንጫ አነሳ። በ2022 ያው ቡድን 107 ጊዜ ተሸነፈ። ያሸነፈው 55 ጨዋታ ነው። ከ30ዎቹ የሜጀር ሊግ ቤዝቦል ቡድኖች የመጨረሻው ሆነ። በ2025ም 96 ጊዜ ተሸንፎ ከምድቡ ግርጌ ጨረሰ።

እዚህ ዲኤምቪ (ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ውስጥ የናሽናልስን ቀይ ኮፍያ የሚያደርግ አበሻ ሞልቷል። ጨዋታውን ከልቡ የሚከታተል ግን ጥቂት ነው። ይህን ቡድን እንደምወድ የሚያውቁ ወዳጆቼ ባገኙኝ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ያ ቡድን ምን ነካው?» መልሱ ቆሞ የሚወራ አይደለም። ስለዚህ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ቤዝቦል አይቶ የማያውቅ ሰውም እንዲገባው እሞክራለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አብዛኛው ደጋፊ የሚሰጠው መልስ «ባለቤቶቹ ገንዘብ ሰስተው ኮከቦቹን ሸጧቸው» የሚል ነው። ሐሰት አይደለም። ሽያጩ የመጣው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ቡድኑ መውደቅ የጀመረው ከዚያ በፊት፣ ገና ዋንጫውን ሳያነሳ፣ የራሱን ወጣቶች ማሳደግ ባቃተው ጊዜ ነው። እኔ ከዚህ እምነቴ ንቅንቅ አልልም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ከተማዋና ቤዝቦል

ዋሽንግተን በቤዝቦል ብዙ የተጎዳች ከተማ ናት። ሴናተርስ የሚባለው የድሮ ቡድኗ በ1924 ዋንጫ አነሳ። ከ1960 ውድድር በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሚኒሶታ ሄደ። በ1961 በዚያው ስም ሌላ ቡድን ተተካ። እሱም ከ1971 በኋላ ቴክሳስ ገባ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ዋና ከተማ 33 የውድድር ዘመን ያለ ሜጀር ሊግ ቡድን አሳለፈች።

የድሮው ግሪፊዝ ስታዲየም የት እንደነበር ብዙ የአገሬ ሰው አያውቅም። ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆመበት ቦታ ላይ ነበር። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ማለት ነው። በዩ ስትሪትና በ9ኛው መንገድ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በእግር ይደረሳል። ሆምስቴድ ግሬይስ የሚባለው የጥቁሮች ቡድንም በ1940ዎቹ ብዙ ጨዋታውን እዚያ ያደርግ ነበር። ያኔ ጥቁር ተጫዋች ሜጀር ሊግ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ጆሽ ጊብሰንን የመሰለ ኳስ መቺ፣ ባክ ሌናርድን የመሰለ ተጫዋች የዚያ ቡድን ልጆች ነበሩ። ግሬይስ በ1943፣ በ1944 እና በ1948 የኒግሮ ሊግን ወርልድ ሲሪስ አሸንፏል። በ2019 ሰው ሁሉ «ከ1924 ወዲህ የመጀመሪያው የዋሽንግተን ዋንጫ» ሲል እነዚያ ሦስቱ መዘለላቸው ዛሬም ያንገበግበኛል። ምሳችንን የምንበላው በእነሱ ሜዳ አጠገብ ነው። ቢያንስ እኛ እንወቃቸው።

ናሽናልስ ራሱ ከካናዳ የመጣ ነው። በ1969 በሞንትሪያል ኤክስፖስ ተብሎ ተመሠረተ። በ1994 ከሁሉም ቡድን የተሻለ ውጤት ይዞ ሳለ የተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ውድድሩን አቋረጠው። የዚያ ዓመት ወርልድ ሲሪስም ተሰረዘ። ኤክስፖስ ከዚያ በኋላ አላገገመም። በ2002 ሊጉ ራሱ ገዛው። በ2005 ዋሽንግተን አምጥቶ ስሙን ቀየረው። በ2006 የለርነር ቤተሰብ በ450 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። በ2008 ደግሞ አናኮስቲያ ወንዝ አጠገብ አዲስ ስታዲየም ተከፈተለት።

ሳይገባን ነገሩ የማይገባን ሕግ

ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር። ወርዋሪው ኳስ ይወረውራል። መቺው በዱላ ይመታል። መቺው አራቱን ማዕዘን ዞሮ መነሻው ላይ ከደረሰ አንድ ነጥብ ነው። ኳሷን ከሜዳው ክልል አሻግሮ ከመታት ሆም ራን ይባላል፤ ያኔ እየተዝናና ይዞራል፣ ማዕዘን ላይ የቆሙ ጓደኞቹም አብረውት ይገባሉ። አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ዙር አለው፤ ዙሩ ኢኒንግ ይባላል። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋል። በጣም ጥሩ የሚባለው ቡድን እንኳ 60 እና 65 ጊዜ ይሸነፋል። ስለዚህ የቤዝቦል ደጋፊ አንድ ሽንፈት አያስደነግጠውም። 107 ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እግር ኳስ ለለመድን ሰዎች ትልቁ ልዩነት መጨረሻ የወጣ ቡድን ወደ ታች አለመውረዱ ነው። እንዲያውም ይካሳል። በየዓመቱ ድራፍት የሚባል የወጣቶች ምርጫ አለ። ከሃይስኩልና ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆች እዚያ ይመረጣሉ። ደካማ የነበረ ቡድን ቀደም ብሎ የመምረጥ ዕድል ያገኛል። የተመረጠው ልጅ ወዲያው ትልቁ ሜዳ ላይ አይታይም። ማይነር ሊግ በሚባሉት የታችኛው እርከን ቡድኖች ውስጥ ዓመታት ይሠለጥናል። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከቬኔዝዌላ የሚመጡት ደግሞ በድራፍት አያልፉም። ገና በ16 እና በ17 ዓመታቸው ከቡድን ጋር በቀጥታ ይፈራረማሉ።

ሁለተኛው ነገር የስድስት ዓመቱ ሕግ ነው። አንድ ተጫዋች ሜጀር ሊግ ከገባ በኋላ ስድስት ሙሉ የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የቡድኑ ነው። ወደ ሌላ መሄድ አይችልም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ የሚከፈለው ዝቅተኛው ደመወዝ ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በ2025 ዝቅተኛው 760,000 ዶላር ነበር። ለእኔና ለእናንተ የዕድሜ ልክ ሀብት ሊሆን ይችላል። በገበያ 30 እና 40 ሚሊዮን ለሚያወጣ ኮከብ ግን ምንም ማለት ነው። በቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት ደመወዙ በድርድር ይወሰናል፤ ካልተስማሙ ገላጋይ ዳኞች ይቆርጡታል። ስድስቱ ዓመት ሲሞላ ፍሪ ኤጀንት ይሆናል። ያኔ ብዙ ለከፈለው ይፈርማል።

ሁሉም ነገር የሚመነጨው ከዚህ ሕግ ነው። በርካሽ የሚከፈለው ጎበዝ ወጣት ያለው ቡድን ገንዘብ ይተርፈዋል፣ በተረፈው ውድ ኮከብ ይጨምራል። ወጣት የሌለው ቡድን ሁሉንም ቦታ በገበያ ዋጋ መሙላት አለበት። ይህን ለረጅም ጊዜ የቻለ ቡድን እኔ አላየሁም። ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚያወጣው ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ እንኳ የራሱን ልጆች ማሳደጉን አላቆመም።

መውጣቱ

ናሽናልስ በ2008 እና በ2009 በእያንዳንዱ ዓመት ከ100 በላይ ተሸነፈ። ሽንፈቱ ግን ሁለት ተከታታይ የአንደኝነት ምርጫ አመጣለት። በ2009 ወርዋሪውን ስቲቨን ስትራስበርግን፣ በ2010 መቺውን ብራይስ ሃርፐርን ወሰደ። ሁለቱም ሰው ለዓመታት ሲያወራላቸው የነበሩ ልጆች ናቸው። በ2011 በስድስተኛ ምርጫ አንቶኒ ሬንዶንን ጨመረ። ከእነሱ በፊት በ2005 የተመረጠው ራያን ዚመርማን ነበረ። ዚመርማን ቡድኑ ዋሽንግተን ከገባ በኋላ የመረጠው የመጀመሪያ ልጅ ነው። እስኪያቆም ድረስ ሌላ ማሊያ አልለበሰም።

ስትራስበርግ ጁን 8 ቀን 2010 ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ገባ። በፒትስበርግ ቡድን ላይ 14 መቺዎችን በስትራይክአውት አስወጣ፤ መቺው ሦስት ስትራይክ ሲቆጠርበት፣ ማለትም ሦስት ጊዜ ኳሷን ሲስት ወይም መምታት የነበረበትን ሲያሳልፍ ይወጣል። በዚያን ዕለት ከተማዋ የቤዝቦል ከተማ ሆነች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዚያው ዓመት ክንዱ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይህ ክንድ ኋላ ላይ ይመለስብናል።

ከ2012 እስከ 2017 ቡድኑ አራት ጊዜ ምድቡን አሸነፈ። አራቱንም ጊዜ ፕሌይኦፍ ከሚባለው የዓመቱ ማብቂያ የጥሎ ማለፍ ውድድር ገና በመጀመሪያው ዙሩ ተሰናበተ። የ2012ቱ ከሁሉም ይከፋል። ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር በነበረው አምስተኛ ጨዋታ 6 ለ 0 ሲመራ ነበር። ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ ለማሸነፍ አንድ ስትራይክ ብቻ ቀርቶት ነበር። 9 ለ 7 ተሸነፈ። ያን ጨዋታ ያየ ሰው እስከ ዛሬ ናሽናልስ ሲመራ ተረጋግቶ መቀመጥ አይችልም።

ከ2018 በኋላ ሃርፐር ስድስት ዓመቱን ጨርሶ በ13 ዓመት የ330 ሚሊዮን ዶላር ውል ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። ሁሉም ሰው ነገሩ አበቃ አለ።

2019

ሜይ መጨረሻ አካባቢ ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር የሚለው ድምፅ በረታ። አላባረሩትም። ቡድኑ ከዚያ ተነስቶ ዓመቱን 93 አሸንፎ 69 ተሸንፎ ጨረሰ። በሊጉ በዕድሜ የገፋ ቡድን ነበር። ወርዋሪው ማክስ ሸርዘር 35፣ ሃዊ ኬንድሪክ 36፣ ፈርናንዶ ሮድኒ 42 ዓመታቸው ነው። ከሽማግሌዎቹ መሃል ደግሞ የ20 ዓመቱ ዶሚኒካን ሁዋን ሶቶ ነበረ።

ፕሌይኦፉ ለመግባት ከሚልዋኪ ጋር አንድ ጨዋታ ብቻ ነበረ፤ የተሸነፈ ይሰናበታል። ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ሚልዋኪ 3 ለ 1 እየመራ ነው። ሦስቱም ማዕዘን ላይ የእኛ ሯጮች ቆመዋል። ሶቶ ጆሽ ሄደርን የመሰለ አስፈሪ ወርዋሪ ገጥሞ ኳሷን ወደ ቀኝ ላካት። የሚልዋኪው ተጫዋች ኳሷን አሳለፋት። ሦስት ነጥብ ገባ፣ 4 ለ 3። ከዚያ ዶጀርስ መጣ። አምስተኛው ጨዋታ ላይ ሬንዶንና ሶቶ ከክሌይተን ከርሾው ላይ በተከታታይ በተወረወሩ ሁለት ኳሶች ሁለት ሆም ራን መቱ። ጨዋታው እኩል ሆነ። አሥረኛው ኢኒንግ ላይ ኬንድሪክ ሦስቱም ማዕዘን ሞልቶ ሳለ ሆም ራን መታ። አራት ነጥብ። ካርዲናልስን በአራት ጨዋታ ጠራርገው አለፉ።

ወርልድ ሲሪሱ ከሂውስተን አስትሮስ ጋር ነበር። አስትሮስ በዚያ ዓመት 107 ጊዜ ያሸነፈ ቡድን ነው። ናሽናልስ ሂውስተን ላይ ሁለቱን አሸነፈ። ቤቱ መጥቶ ሦስቱንም ተሸነፈ። እንደገና ሂውስተን ሄዶ ሁለቱን አሸነፈ። በሰባቱም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በወርልድ ሲሪስ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። በሰባተኛው ጨዋታ እስከ ሰባተኛው ኢኒንግ ድረስ 2 ለ 0 ሲመራ የቆየው ሂውስተን ነበር። ሬንዶን ሆም ራን መታ። ሶቶ በነፃ ወደ መጀመሪያው ማዕዘን ተሸኘ። ከዚያ ኬንድሪክ የመታት ኳስ በቀኝ በኩል ያለውን ምሰሶ መታች። ምሰሶውን የነካች ኳስ ሆም ራን ናት። መሪነቱ ዞረ፣ በ6 ለ 2 ተጠናቀቀ። የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ ስትራስበርግ ተባለ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ስለምወደው ነው፣ አልደብቅም። ግን ለማብራሪያውም ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ጨዋታ እንዴት ባለ ቀጭን መስመር ላይ እንዳለፈ ካላየን ቡድኑ ለብዙ ዓመት የሚገዛ ኃያል ቡድን ነበር ብለን እናስባለን። አልነበረም። ሦስት አራት ታላላቅ ወርዋሪዎች፣ ሁለት ድንቅ መቺዎችና ብዙ ያረጁ እግሮች ነበሩት። ከታች የሚተካቸው ሰው አልነበረም።

የተበላው ዘር

ዋንጫው የመጣው እንዴት ባለ መንገድ ነው? በ2016 መጨረሻ ናሽናልስ አዳም ኢተንን ከቺካጎ ዋይት ሶክስ አመጣ። በገንዘብ ፋንታ በልዋጭ የሰጠው ሦስት ወጣት ወርዋሪዎችን ነው፤ ሉካስ ጂዮሊቶ፣ ሬይናልዶ ሎፔዝና ዴን ደኒንግ። በ2017 ሾን ዱሊትልንና ራያን ማድሰንን ከኦክላንድ ሲያመጣ ከሰጣቸው አንዱ ሄሱስ ሉዛርዶ ነበር። ኢተንና ዱሊትል ለ2019ኙ ዋንጫ ዋጋ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ያለ እነሱ ላይሆን ይችል ነበር። ግን የሄዱት አራቱም ወርዋሪዎች ኋላ ሜጀር ሊግ ላይ ለዓመታት ተጫውተዋል። የዘር እህሉን በልቶ ድግስ የደገሰ ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት የሚዘራው አይኖረውም። ናሽናልስ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ዘሩን መብላት ብቻውን አይገድልም ነበር። ሌላ ዘር ካገኙ ችግር የለም። ግን አላገኙም። ድራፍቱ ላይ ለዓመታት ከሸፈባቸው። በ2017 እና በ2018 በመጀመሪያው ዙር የተመረጡት ሁለት ወርዋሪዎች አንዱ ሜጀር ሊግ ላይ ብቅ ብሎ ጠፋ። ሌላው ጭራሽ አልደረሰም። በ2016 የተመረጠው ካርተር ኪቡም የሬንዶን ተተኪ ይሆናል ተብሎ ነበር፣ አልሆነም። በ2022 በአምስተኛ ምርጫ የተወሰደው ኢላይጃ ግሪን እስከ 2025 ከታችኛው እርከን ፈቀቅ አላለም። በዚህ ላይ በዳታ፣ በወርዋሪ ላቦራቶሪ፣ በዘመናዊ ሥልጠና ሌሎቹ ቡድኖች ሲሮጡ ናሽናልስ ወደ ኋላ ቀረ። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ማይክ ሪዞ ታላቅ የተጫዋች መልማይ ነበር። ዓይኑን አምናለሁ። የማሠልጠኛውን ቤት ግን በጊዜው አላዘመነም። እኔ በእሱ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው፤ የሸጣቸው ኮከቦች አይደሉም።

ለነገ የተቀጠረ ክፍያ

የለርነር ቤተሰብ አንድ ልማድ ነበረው። ትልቅ ውል ይፈርማል፣ ከገንዘቡ ብዙውን ግን በኋለኛ ዓመታት ይከፍላል። ሸርዘር በ2015 የፈረመው የሰባት ዓመት የ210 ሚሊዮን ዶላር ውል ነው። ግማሹ ማለትም 105 ሚሊዮኑ ለኋላ ተቀጠረ። ከ2022 እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ይከፈላል። ሸርዘር በ2021 ሌላ ቡድን ሄዷል። ሂሳቡ ግን ዋሽንግተን ጋ ነው።

ሸርዘርን ግን ማንም አይቆጭበትም። ለእያንዳንዱ ሳንቲም የሚገባውን ሠርቷል። ቡድኑን ያደማው የስትራስበርግ ውል ነው። ዋንጫው እንደተነሳ፣ ዲሴምበር 2019፣ ሰባት ዓመት በ245 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙት። ሬንዶን በዚያው ሳምንት በትክክል በዚያው ዋጋ ወደ ሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ሄደ። ከዚያ ውል በኋላ ስትራስበርግ ጨዋታ የጀመረው ስምንት ጊዜ ብቻ ነው። ትከሻውና አንገቱ አካባቢ ያለው ነርቭ ተጨቆነበት፣ ቀዶ ሕክምናውም አላዳነውም። በ2024 በይፋ አቆመ። እሱን የሚሰድብ ደጋፊ ስሰማ ያመኛል። በ2019 ፕሌይኦፍ ክንዱን ለዚህች ከተማ ነው የሰጠው።

ሦስተኛው ፓትሪክ ኮርቢን ነው። ስድስት ዓመት፣ 140 ሚሊዮን። በሰባተኛው ጨዋታ ወሳኙን ሦስት ኢኒንግ የወረወረው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ችሎታው ከዳው። በ2022 ብቻ 19 ጨዋታ ተሸነፈ። ግን በየአምስት ቀኑ እየወጣ ወረወረ፤ አልጠፋም፣ ሰበብ አላበዛም።

እነዚህን ሁለት ውሎች ከባዶው ማይነር ሊግ ጋር አንድ ላይ ስታዩአቸው ነገሩ ይገባችኋል። ወጣቶች ቢኖሩ ኖሮ ሁለት የከሸፉ ውሎች ቡድን አይጥሉም ነበር። በርካሽ የሚከፈለው ልጅ ቀዳዳውን ይደፍን ነበር። ልጅ ስላልነበረ ቀዳዳው ቡድኑን ዋጠው።

ሶቶ

ጁላይ 2021 ላይ ቡድኑ ተስፋ ቆረጠ። ሸርዘርንና ሌላውን ኮከብ ትሬይ ተርነርን አንድ ላይ ለዶጀርስ ሰጠ። ሌሎችም ተከተሉ። በቀጣዩ ዓመት የሶቶ ተራ ደረሰ።

ለሶቶ 15 ዓመት በ440 ሚሊዮን ዶላር አቀረቡለት። እምቢ አለ። ያኔ 23 ዓመቱ ነበር፣ ፍሪ ኤጀንት ለመሆን ሁለት ዓመት ተኩል ቀርቶታል። ሰው «ለምን አልጠበቁም?» ይላል። ምክንያቱ ይህ ነው። ተጫዋችን የሚገዛ ቡድን የሚከፍለው ለቀረው ጊዜ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል የቀረው ሶቶ አምስት ምርጥ ወጣት ያወጣል። ግማሽ ዓመት የቀረው ሶቶ አንድ ወይም ሁለት ያወጣል። ፍሪ ኤጀንት ሆኖ ከሄደ ደግሞ ትርፉ አንድ የድራፍት ምርጫ ነው። ቡድኑ ደግሞ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከሶቶ ጋርም ቢሆን አያሸንፍም ነበር።

ኦገስት 2 ቀን 2022 ሶቶና ጆሽ ቤል ወደ ሳን ዲዬጎ ሄዱ። የመጡት ሲ ጄ ኤብራምስ፣ ማከንዚ ጎር፣ ጄምስ ዉድ፣ ሮበርት ሃሰል፣ ሃርሊን ሱሳና እና ሉክ ቮይት ናቸው። ልቤ ተሰብሯል። ሶቶ በዲሴምበር 2024 ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር በ15 ዓመት የ765 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም ደግሞ እንደገና ተሰበረ። ሆኖም ሽያጩ ትክክል ነበር እላለሁ። ኤብራምስ በ2024 የኮከቦች ጨዋታ ላይ ተመረጠ። በ2025 ደግሞ ጎርና ዉድ ተመረጡ። ያ ንግድ ባይኖር ዛሬ ስሙን የምንጠራው ተጫዋች አይኖረንም ነበር። ሶቶን መሸጥ ያስገደደው ግን የቀደመው ድርቀት ነው፤ ጥፋቱን መፈለግ ያለብን እዚያ ነው።

የቴሌቪዥኑ ገንዘብ

ብዙ ሰው የማያነሳው አንድ ነገር አለ። ቡድኑ በ2005 ዋሽንግተን ሲገባ የባልቲሞር ኦርዮልስ ባለቤት ገበያዬን ወሰዳችሁብኝ ብሎ ተቃወመ። ሊጉ ሲያባብለው ማዝን የሚባል የቴሌቪዥን ጣቢያ ተቋቋመ። የጣቢያው አብላጫ ድርሻ የኦርዮልስ ሆነ። መነሻው ላይ 90 በመቶ ለኦርዮልስ፣ 10 በመቶ ለናሽናልስ ነበር። የናሽናልስ ጨዋታ የሚተላለፈው ተፎካካሪው ጎረቤት በሚቆጣጠረው ጣቢያ ነው ማለት ነው። ለጨዋታዎቹ ስንት ይከፈል በሚለው ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ፍርድ ቤት ተመላለሱ። ክርክሩ በማርች 2025 በስምምነት አለቀ። ከ2025 ውድድር በኋላ ናሽናልስ ከማዝን ነፃ ሆነ።

ይህ ባለቤቶቹ እጃቸውን ለመሰብሰባቸው አንዱ ምክንያት ነው። ሙሉ ምክንያት ግን አይሆንም። በኤፕሪል 2022 ቤተሰቡ ቡድኑን ልንሸጥ እንችላለን አለ። በ2024 መጀመሪያ አንሸጥም አለ። በዚያ መሃል ያለፈው ጊዜ የባከነ ነው። ሊሸጥ የታሰበ ቤትን ማንም አያድስም፤ ቡድኑም ሳይታደስ ቆመ። ባለቤቶቹን የምወቅሰው በሶቶ ሳይሆን በእነዚህ ዓመታት ነው።

በድራፍቱም ሕጉ ፊቱን አዞረባቸው። ከ2023 ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምርጫዎች በዕጣ ሆነዋል። ሆን ብሎ መሸነፍን ለመግታት ነው። ለሌሎች ገቢ የሚያካፍል ትልቅ ገበያ ያለው ቡድን በተከታታይ ዓመት ዕጣው ውስጥ አይገባም። ናሽናልስ በ2023 በሁለተኛ ምርጫ ዲላን ክሩስን ስለወሰደ በ2024 ወደ አሥረኛ ወረደ። በአሮጌው መንገድ እየተሸነፉ ኮከብ መሰብሰብ ከእንግዲህ አይሠራም ማለት ነው።

አሁን ያለንበት

ጁላይ 6 ቀን 2025 ቡድኑ 37 አሸንፎ 53 ተሸንፎ ሳለ ሪዞና ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተባረሩ። ድራፍቱ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። በዚያ ድራፍት የአንደኝነት ምርጫውን ይዘው የ17 ዓመቱን ኢላይ ዊሊትስን ወሰዱ። ከኦክላሆማ የመጣ ልጅ ነው፤ ዓመታት ይቀሩታል። በዓመቱ መጨረሻ ከቦስተን ሬድ ሶክስ ፖል ቶቦኒን አምጥተው የቤዝቦል ሥራውን ሁሉ አስረከቡት። አሰልጣኝ ሆኖ የተሾመው ብሌክ ቡቴራ ሲሾም 33 ዓመቱ ነበር። ሜጀር ሊግ ላይ ተጫውቶ አያውቅም። ብዙ ደጋፊ በዚህ ይሰጋል። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ሁለቱም ወጣቶችን በማሳደግ ሥራ ውስጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የጎደለን ደግሞ እሱ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥሉት ዓመታት ይህን ቡድን ስትከታተሉ የደረጃ ሰንጠረዡን ብቻ አትመልከቱ። ክሩስ ኳስ መምታቱ ይሻሻላል ወይ? በሦስተኛና በአራተኛ ዙር የተመረጡ፣ ስማቸውን ማንም የማያውቅ ልጆች ከታች እየወጡ ነው ወይ? በሌላ ቡድን የተጣለ ወርዋሪ እዚህ መጥቶ ይድናል ወይ? እነዚህ ሲሆኑ ካያችሁ ቡድኑ 90 ጊዜ ቢሸነፍም ተስፋ አለ።

ከሁሉም በላይ ግን ጄምስ ዉድን ተመልከቱ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ያደገው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው። ብዙ የእኛ ልጆች የሚማሩበት ካውንቲ ማለት ነው። በልጅነቱ የናሽናልስ ደጋፊ ነበር። በ2025 ውድድር 31 ሆም ራን መታ። በጁን ወር ኤንጀልስ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብሎ ሳይወረውርለት በነፃ ሸኘው፤ ከድሮው ታላቅ መቺ ከባሪ ቦንድስ ወዲህ ይህ የተደረገበት መቺ አልነበረም። ገና ብዙ ኳስ ይስታል፣ በስትራይክአውትም ብዙ ይወጣል። ያ በሥልጠና የሚስተካከል ነገር ነው። ስድስት ዓመቱ የሚሞላው ከ2030 ውድድር በኋላ ነው። የቴሌቪዥኑ እግር ብረት ወልቋል። የኮርቢን ውል በ2024 አልቋል፤ የሰባት ዓመቱ የስትራስበርግ ውልም የሚደርሰው እስከ 2026 ነው። ሃርፐር ሄደ፣ ሬንዶን ሄደ፣ ተርነር ሄደ፣ ሶቶ ሄደ። የለርነር ቤተሰብ ለዚህ ልጅ ረጅም ውል ማቅረብ ያለበት ዋጋው ሰማይ ሳይነካ፣ አሁን ነው።